ፕሌይስቴሽኑን ሸጬ ቲቪ ቦክስ ልግዛ?

ከሐዋሳ የጻፈልኝ አንባቢ የሁለት ልጆች አባት ነው። ቤቱ ውስጥ አሜሪካ የሚኖረው ወንድሙ የላከለት ፒኤስ 4 ስሊም (ፕሌይስቴሽን 4) አለ። ልጆቹ በዲስክ የኳስ ጌም ይጫወቱበታል፣ ማታ ደግሞ ቤተሰቡ በሙሉ ዩቲዩብና ፊልም ያይበታል። ሰሞኑን ግን ማሽኑ ገና ከመከፈቱ ፋኑ ይጮሃል፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ በጣም ሞቋል የሚል ጽሑፍ ያወጣና ይጠፋል። ሊያሠራው ሲል አንድ ዕቃ ሻጭ «ኮንሶል የሚባለው ነገር እያበቃለት ነው፣ ወደፊት ሁሉም በኢንተርኔት ነው፣ ይሄን ሽጥና አንድሮይድ ቦክስ ግዛ፣ ፊልሙም ጌሙም እዚያ ላይ አለ» አለው። አሁን ግራ ገብቶት ልሽጠው ወይስ ላሠራው ይለኛል።

ወንድሜ፣ አሠራው። አትሽጠው። ቦክሱን፣ ማለትም ቲቪ ላይ ተሰክቶ ከኢንተርኔት ፊልም የሚያሳየውን ትንሽ ሳጥን፣ ከፈለግክ ለብቻው ግዛ፣ ግን በፕሌይስቴሽኑ ምትክ አይሁን።

መጀመሪያ ብልሽቱን እንጨርስ። የነገርከኝ ምልክት ፒኤስ 4 ላይ በጣም የተለመደ ነው፤ ማሽኑ ሞተ ማለት አይደለም። ዓመታት ሲያልፉ ፋኑ ከቤት የሚስበው አቧራ ማቀዝቀዣው ብረት ክንፎች መሃል ገብቶ እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍነዋል። በዋናው ቺፕና በብረቱ መካከል የሚቀባው ቴርማል ፔስት ደግሞ ይደርቃል። ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ፋኑ ፍጥነቱን ይጨምራል፣ የምትሰማው ጩኸት እሱ ነው። ያም ካልበቃ ማሽኑ ራሱን ለማዳን ይዘጋል። ስለዚህ ጠጋኙን ሁለት ነገር በግልጽ ጠይቀው፦ ፋኑንና ማቀዝቀዣውን አውጥቶ እንዲያጸዳ፣ ፔስቱን ጠርጎ አዲስ እንዲቀባ። ክዳኑን ሳይከፍት በቀዳዳው ነፋ ነፋ አድርጎ ብቻ የሚመልስልህ ከሆነ ሌላ ሰው ፈልግ፤ አቧራው ከአንድ ጥግ ወደ ሌላ ጥግ ተዛወረ እንጂ አልወጣም። ሲነፋም ፋኑን በጣቱ ይያዘው፣ በንፋስ ኃይል ሲሽከረከር መሽከርከሪያው ይጎዳል። ሚሞሪዎቹ ላይ ያሉትን ለስላሳ ፓዶች በፔስት መተካት ደግሞ ሥራ የሚመስል ጥፋት ነው፤ ፓዱ ወፍራም ስለሆነ ፔስት ያንን ክፍተት አይሞላውም። አንተ ራስህ ልክፈተው ካልክ ክዳኑን አንስተህ ፋኑ አካባቢ ያለውን አቧራ መጥረግ ትችላለህ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱን ነቅለህ። ፓወር ሰፕላዩን ግን አትንካው። ስሊሙ ላይ ፓወሩ ውስጥ ነው ያለው፣ ገመዱ ከተነቀለም በኋላ ካፓሲተሮቹ ኤሌክትሪክ ይዘው ይቆያሉ።

ስትረከበው እዚያው ሱቁ ውስጥ ከባድ ጌም ከፍተህ አንድ ሰዓት አጫውተው። ሜኑ ላይ ቆሞ ዝም ያለ ማሽን ምንም አያረጋግጥልህም።

ቤት ስትመልሰው የምታስቀምጥበት ቦታ ከጥገናው እኩል ነው። በር ያለው የቲቪ ቁምሳጥን ውስጥ አትክተተው። ዳንቴሉንም አንሳው፣ ለጌጥ ብለን በየኤሌክትሮኒክሱ ላይ የምናለብሰው ዳንቴል ብዙ ማሽን ሲያታፍን አይቻለሁ። ሞቃቱ አየር የሚወጣው በጀርባ ስለሆነ ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ስንዝር ራቅ ይበል። መብራት በሚመላለስበት ሰፈር ደግሞ ብርቱካናማ መብራት እያበራ የሚተኛበትን ሁኔታ አትጠቀም። ልጆቹ ሲጨርሱ ሙሉ በሙሉ ያጥፉት። በተኛበት መብራት ድንገት ሲሄድ የሚጎዳው ሃርድ ዲስኩ ነው፣ የልጆቹ ሴቭ በሙሉ ያለውም እሱ ላይ ነው።

አሁን ወደ ሻጩ ወሬ። ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው የሚያሳስተው።

በፊልም በኩል ልክ ነው። ኮንሶሎች ፊልም ማሳያ ለመሆን ብዙ ለፍተዋል። በፈረንጆቹ 2000 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በፈረንጆቹ ናቸው) የወጣውን ፒኤስ 2 ብዙ ሰው ዲቪዲም ስለሚያጫውት ነበር የገዛው፣ በ2006 የመጣው ፒኤስ 3 ብሉሬይ የሚባለውን የፊልም ዲስክ ማጫወቻ ይዞ ነው የመጣው። በ2013 ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ ዋንን የሳሎኑ ሁሉ ነገር ሊያደርገው ሞከረ፤ ሪሲቨሩን ሳይቀር በኤችዲኤምአይ በውስጡ አሳልፎ እንዲያሳይ አድርጎ ኪኔክት ከሚባለው ካሜራው ጋር በ499 ዶላር አወጣው። ሶኒ ፒኤስ 4ን በ399 ዶላር አምጥቶ «ይሄ የጌም ማሽን ነው» አለ። ፒኤስ 4 ከ117 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። በዚያው ዓመት ግን ጎግል 35 ዶላር የምትሸጥ ክሮምካስት የምትባል ቲቪ ላይ የምትሰካ ትንሽ ዕቃ አወጣ፣ ፊልሙን ከኮንሶሉ የወሰደው እንዲህ ያለው ዕቃ ነው። ሶኒ ራሱ በጃንዋሪ 2020 የቀጥታ ቲቪ አገልግሎቱን ዘጋ፣ በኦገስት 2021 ደግሞ በሱቁ ፊልም መሸጥ አቆመ። ስለዚህ ለፊልምና ለዩቲዩብ ቦክስ ግዛ ብልህ አላፍርም። ኤሌክትሪክ የሚበላው ጥቂት ዋት ነው፣ ድምፅ የለውም፣ ፕሌይስቴሽኑም ለጌም ብቻ ሲከፈት ዕድሜው ይረዝማል።

ጌሙ ግን ሌላ ነው።

ቦክሱ ራሱ የሚሠራው ቀለል ያለ የስልክ ዓይነት ጌም ነው። የፕሌይስቴሽን ዓይነቱ ከባድ ጌም የሚሠራው ሌላ አገር ያለ ሕንፃ ውስጥ ባለ ኮምፒውተር ላይ ነው፣ ቦክሱ የሚያደርገው ምስሉን ተቀብሎ ማሳየትና የልጅህ ጣት የተጫነውን ቁልፍ መላክ ነው። ፊልም ስታይ ቦክሱ ቀጣዩን ክፍል ቀድሞ ይጭናል፣ ኔትወርኩ ለጥቂት ሰከንድ ቢያነክስ አታውቀውም። ጌም ላይ ቀድሞ የሚጫን ነገር የለም፣ ልጅህ ቀጥሎ የትኛውን ቁልፍ እንደሚነካ ማሽኑ አያውቅማ። ቁልፉ ሲጫን መልእክቱ ይሄዳል፣ እዚያ ይሠራል፣ ምስል ሆኖ ይመለሳል።

ርቀቱን አስላው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ሰርቨሩ (ጌሙን የሚሠራው ያ ኮምፒውተር) ፍራንክፈርት ነው እንበል። ከአዲስ አበባ በቀጥታ መስመር 5,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደርሶ መልስ ከ50 ሚሊ ሰከንድ በታች ሊሆን በተፈጥሮ ሕግ አይችልም። መስመሩ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም። እኛ ወደብ የለንም፣ ፋይበራችን በጅቡቲ ወይም በሌላ ጎረቤት አገር ወጥቶ ነው የባሕሩን ኬብል የሚያገኘው። በዚያ ላይ ሰርቨሩ ምስሉን የሚያዘጋጅበት፣ ቦክሱ የሚፈታበት፣ የቤትህ ዋይፋይና ቲቪው ራሱ የሚጨምሩት ጊዜ አለ። መቶ ሚሊ ሰከንድን በቀላሉ ያልፋል። በሰከንድ 60 ምስል በሚያሳይ ጌም ላይ ይሄ ማለት ልጅህ ኳሱን ለመምታት ከተጫነ በኋላ ስድስት ምስል አልፎ ነው ተጫዋቹ እግሩን የሚያነሳው። ቼዝ ቢሆን ምንም አይደለም። ኳስ ግን አይሆንም፣ ልጆቹ በአንድ ቀን ይሰለቹታል።

ሻጩ «ኢንተርኔትህ ፈጣን ነው» ብሎ ስፒድ ቴስት ቢያሳይህ አትመን። መለኪያው ብዙ ጊዜ የሚመርጠው አገር ውስጥ ያለ ሰርቨር ነው፣ ስለዚህ ፒንጉ (መልእክቱ ደርሶ የሚመለስበት ጊዜ) ትንሽ ሆኖ ይታያል። ሰርቨሩን በእጅህ ወደ ፍራንክፈርት ወይም ለንደን ቀይረውና ቁጥሩን እይ። ጂፎርስ ናው የሚባለው የኤንቪዲያ የኢንተርኔት ጌም አገልግሎት ከ80 ሚሊ ሰከንድ በታች ይጠይቃል፣ ለሙሉ ኤችዲ ደግሞ 25 ሜጋ ቢት በሰከንድ። 25 ሜጋ ቢት ሳይቋረጥ አንድ ሰዓት ሲፈስ 11 ጊጋ ባይት ይሆናል። ኤችዲ ፊልም በ5 ሜጋ ቢት ቢታይ በሰዓት 2 ጊጋ ከሩብ ገደማ ነው የሚበላው። ጥቅል እየገዛህ የምትጠቀም ከሆነ ልዩነቱን አንተው ታውቀዋለህ። ዲስኩ ላይ ያለው ጌም ግን ለመጫወት አንድ ሜጋ አይጠይቅም።

ቦክስ ኮንሶልን ይተካል የሚለው ወሬም አዲስ አይደለም። ጌም በኢንተርኔት የሚያጫውተው ኦንላይቭ በ2010 ጀመረ፣ በ2015 ተዘጋ። ኡያ የሚባለው በአንድሮይድ የሚሠራ 99 ዶላር ሳጥን በ2012 ከሕዝብ 8.5 ሚሊዮን ዶላር ሰብስቦ በ2013 ገበያ ገባ፣ በ2019 ሰርቨሩ ጠፋ። ጎግል ያን ሁሉ አቅሙን ይዞ በኖቬምበር 2019 ስታዲያ የሚባል የኢንተርኔት ጌም አገልግሎት አመጣ፣ ጃንዋሪ 18 ቀን 2023 ዘጋው። የሰዎቹን ገንዘብ መልሷል፣ ክብር ይሰጠው፣ ጌሞቹ ግን በዚያች ቀን ቀሩ።

አሜሪካ ላለው ወንድምህ መልሴ ሌላ ይሆን ነበር። እሱ ቤት ፋይበር ከገባ፣ የሰርቨር ማዕከሉም ቅርብ ከሆነ፣ የኤክስቦክስን ጌሞች ከ2022 ጀምሮ በሳምሰንግ ቲቪ፣ ከ2024 ጀምሮ ደግሞ በአማዞን ፋየር ቲቪ ስቲክ ላይ ያለ ኮንሶል መጫወት ይችላል፣ ጥሩም ይሠራለታል። ለሱ ኮንሶሉ እየቀለለ ነው። ለኛ ገና ነው፤ ፕሌይስቴሽን ላይ አካውንት ስትከፍት እንኳ ኢትዮጵያ ዝርዝሩ ውስጥ የለችም፣ ሰው የሌላ አገር እየመረጠ ነው የሚከፍተው።

እኔን ከቦክሱ ይልቅ የሚያሳስበኝ የዲስኩ ነገር ነው። በኖቬምበር 2024 የወጣው ፒኤስ 5 ፕሮ በ699 ዶላር ዲስክ ማጫወቻ ሳይኖረው ነው የመጣው፣ ማጫወቻው ለብቻው ይገዛል። በጁን 2025 የወጣው ኒንቴንዶ ስዊች 2 ደግሞ አንዳንድ ካርዶቹ ውስጥ ጌሙ የለም፤ ካርዱ መክፈቻ ብቻ ነው፣ ጌሙን ከኢንተርኔት አውርደው ይሉሃል። አንድ ትልቅ ጌም መቶ ጊጋ ሊደርስ ይችላል። እኛ አገር አንድ ዲስክ ስንት ቤት እንደሚዞር ታውቃለህ፤ ጎረቤት ይዋዋሰዋል፣ ፕሌይስቴሽን ቤቶች በሱ ነው የሚተዳደሩት፣ ልጆች አንዱን ጨርሰው በሌላ ይቀይሩታል። ዲስኩ ሲጠፋ የሚጠፋው ይሄ ሁሉ ነው። ኮንሶል ራሱ አይጠፋም፣ በዲስክ የሚሠራው ኮንሶል ነው እየሳሳ የሚሄደው፣ ስለዚህ ዛሬ እጅህ ላይ ያለው ዋጋ አለው። ሸጠህ ነገ በተሻለ እመልሰዋለሁ ብለህ አትቁጠር።

በነገራችን ላይ ሶፍትዌሩ አሮጌ እንዳይሆን። ፒኤስ 4 ውስጥ ሰዓቱን የምትይዝ ትንሽ ክብ ባትሪ አለች። በፊት ባትሪዋ ከሞተችና ማሽኑ ከኢንተርኔት ካልተገናኘ ጌም እንቢ ይል ነበር፣ ሶኒ ይሄን ያስተካከለው በሴፕቴምበር 2021 በ9.00 ዝማኔ ነው። የአንተ ከዚያ በታች ከሆነ አንድ ቀን ዋይፋይ አገናኝተህ አዘምነው። ጠጋኙ ከከፈተው ደግሞ ባትሪዋን አብሮ ይቀይርልህ፣ ሲአር 2032 ነው፣ ርካሽ ነው።

ቦክሱን ስትገዛ ርካሹን ስም የለሽ አትግዛ። ይሄን የምለው ዋጋ ለማስወደድ አይደለም። በጁን 2025 የአሜሪካው ኤፍቢአይ ባድቦክስ 2.0 ስለሚባል ነገር አስጠንቅቋል፤ ገና ከፋብሪካ ወይም ሲከፈቱ በሚያወርዱት አፕ ቫይረስ የሚገባባቸው ቲቪ ቦክሶች ናቸው። ጎግል በቀጣዩ ወር ክስ ሲመሠርት የተያዙት ዕቃዎች ከ10 ሚሊዮን በላይ ናቸው ብሏል። እንዲህ ያለው ቦክስ የቤትህን ኢንተርኔት ለሌላ ሰው ያከራያል፣ አንተ ጥቅሌ ለምን ቶሎ አለቀ ትላለህ። ሁሉም ቻናል በነፃ ተጭኖበታል ካሉህ ጥለህ ውጣ። ሱቁ ውስጥ አስከፍተህ ፕሌይ ስቶር ገብተህ መሣሪያው ሰርቲፋይድ (ጎግል ያረጋገጠው) መሆኑን አረጋግጥ። ኔትፍሊክስም ፈቃድ በሌለው ቦክስ ላይ ቢከፈት እንኳ ጥራቱ ዝቅ ያለ ነው፣ ትልቅ ቲቪ ላይ ደብዝዞ ነው የምታየው።

ወንድምህ ሌላ ዕቃ ልላክ ካለህ፣ ከመግዛቱ በፊት ፓወሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ያንብብልህ። 100-240 ቮልት ካለ ያለ ችግር ሶኬት ላይ ትሰካዋለህ። የመጀመሪያው ኤክስቦክስ ዋን ግን አሜሪካ የተሸጠው ውጫዊ ፓወሩ ለ110 ብቻ ስለሆነ እኛ 220 ላይ ሲሰካ ሊቃጠል ይችላል። ቦክስም ከሆነ የሚልከው ታዋቂ ስም ያለውን ይላክ። የጌም ዲስክ ከየትም ይምጣ ፒኤስ 4 ይቀበለዋል፣ የፊልም ዲስክ ግን የአሜሪካው ማሽን የአሜሪካውን ነው የሚያጫውተው፣ ከዱባይ የመጣ ብሉሬይ እንቢ ቢልህ ማሽኑ ተበላሸ ብለህ አትደንግጥ። ጠጋኙ ከፍቶ ከአቧራና ከፔስት ውጪ ሌላ ብልሽት አገኘሁ ካለህ ደግሞ ዋጋ ከመስማማትህ በፊት ቦርዱን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ አይቼ እነግርሃለሁ።