የሕግ ምክር፦ ወደ ቤታችን የሚያስገባውን ብቸኛ መንገድ ጎረቤት መዝጋት ይችላል?

ጥያቄ፦ ቤታችን በካናዳ፣ በሰሜን ኦንታሪዮ፣ ማዘጋጃ ቤት በሌለው አካባቢ ነው። ወደ ሀይዌይ የሚያወጣን አንድ የጠጠር መንገድ ብቻ ሲሆን በሌላ ሰው መሬት ያልፋል። መሬቱን በቅርቡ የገዛው ሰው በር ተክሎ እንደሚቆልፈው ጽፎልናል። ይችላል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ መሬቱ የራሱ ቢሆንም በደብዳቤ ብቻ ሊቆልፍብዎ አይችልም። «ሮድ አክሰስ አክት» የሚባለው የኦንታሪዮ ሕግ፣ መንገዱ የሕዝብ ባይሆንም እንኳ፣ የሌላ ሰው ይዞታ የመኪና መግቢያ ጨርሶ እንዲያጣ የሚያደርግ አጥር ወይም በር መትከልን ይከለክላል። መዝጋት የሚችለው የ90 ቀን ማስታወቂያ ሰጥቶ ከዳኛ ትእዛዝ ካገኘ፣ ከእናንተ ጋር በጽሑፍ ከተስማማ ወይም ለጥገና ለጊዜው ከሆነ ነው። በዓመት አንዴ ከ24 ሰዓት ላልበለጠ ጊዜ መዝጋትም ተፈቅዷል፤ ይህን ቢያደርግ አይደንግጡ። ሌላ የመኪና መንገድ ካላችሁ ግን ጥበቃው አይሠራም።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሕጉ ሥነ ሥርዓት ያስከብራል እንጂ በመሬቱ ላይ መብት አይሰጥም። ሰውየው የማለፍ መብት እንደሌላችሁ ካስረዳ ዳኛው ሊፈቅድለት ይችላል። ስለዚህ የሁለቱንም ይዞታ መዝገብ «ኦንላንድ» ከሚባለው የኦንታሪዮ የመሬት መዝገብ ድረ ገጽ ያውጡ። ብዙ ሰው የራሱን ብቻ አይቶ ይተወዋል፤ የመተላለፊያ መብት ካለ ግን በእሱም መዝገብ ላይ ይገኛል። «ለሃያ ዓመት ተመላልሰንበታል» የሚለው ክርክር በሰሜን እምብዛም አያዋጣም፤ አብዛኛው መሬት ከመነሻው «ላንድ ታይትልስ» በሚባለው የመሬት ባለቤትነት ምዝገባ ሥርዓት ስለተመዘገበ በመመላለስ ብዛት መብት አይገኝበትም።

ይልቅ በመንገዱ ላይ የሕዝብ ገንዘብ ወጥቶ እንደሆነ ያጣሩ። ለጠጠር ወይም ለጥገና ከወጣ ሕጉ «ኮመን ሮድ» ይለዋል። ያኔ «መብት የላቸውም» ማለት ብቻውን ለማስዘጋት አይበቃውም፤ ከባድ ጉዳት እንደሚደርስበት ወይም የሕዝብ ጥቅም እንደሚያስገድድ ማስረዳት ይኖርበታል። ደረሰኝና ቃለ ጉባኤ ይፈልጉ፤ በአካባቢው «ሎካል ሮድስ ቦርድ» (ማዘጋጃ ቤት በሌለበት መንገዶችን የሚያስጠግን የአካባቢ ቦርድ) ካለ ጸሐፊውን ይጠይቁ።

በሩ ከተተከለ ቁልፉን አይስበሩ። ፎቶ አንስተው፣ ቀኑን መዝግበው፣ ዕለቱኑ በጽሑፍ ይቃወሙ። አነስተኛ የገንዘብ ክርክሮችን የሚያየው ፍርድ ቤት (ስሞል ክሌምስ) እግድ መስጠት ስለማይችል የሚሄዱት ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት (ሱፐሪየር ኮርት) ነው። በቃለ መሐላዎ ላይ አምቡላንስ፣ የማሞቂያ ነዳጅ መኪናና የበረዶ መጥረጊያ የሚገቡት በዚሁ መንገድ ብቻ መሆኑን በዝርዝር ይጻፉ።

ለመደራደር ፈቃደኛ ከሆነ የጠጠርና የበረዶ መጥረጊያ ወጪ ተካፍላችሁ የመተላለፊያ መብቱን አስመዝግቡ፤ ያልተመዘገበ ስምምነት ቀጣዩን ገዢ ላያስገድደው ይችላል። የመተላለፊያ መብቱ የሚቆይበት ዘመን 21 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ «ፕላኒንግ አክት» በሚባለው የኦንታሪዮ የመሬት አጠቃቀም ሕግ መሠረት ፈቃድ ሊያስፈልገው ስለሚችል ከመፈረማችሁ በፊት ጠበቃ ይየው።