«አልከፍትም» ካሉ በኋላ ምን ይጨምሩ?

ውድ ጠያቂያችን፣ በኮምፒውተር ሳይንስ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ መሆንዎንና አንድ የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያ በመጀመሪያው ዙር ቃለ መጠይቅ «ሥራዎ ሳያስገድድ የተጠቃሚን የግል መልእክት መክፈት ቢችሉ ምን ያደርጋሉ?» ሲልዎ «አልከፍትም» ብቻ ብለው መመለስዎን ጽፈውልናል።

መልስዎ ትክክል ነው፤ ግን ለሁለተኛው ዙር አይበቃም። የአሜሪካ ዐቃቤ ሕግ በ2019 እ.ኤ.አ. በመሠረተው ክስ እንደተገለጸው፣ አንድ የትዊተር መሐንዲስ በ2015 ከሥራው ጋር የማይገናኝ የ6,000 ያህል ተጠቃሚዎችን መረጃ ለሳዑዲ ዓረቢያ ሰዎች ሲል ከፍቷል፤ አብሮት የተከሰሰው የቀድሞ ባልደረባውም ውድ የእጅ ሰዓትና ገንዘብ ተቀብሎ በ2022 ጥፋተኛ ተብሏል። በዚያው ዓመት መጨረሻ የቲክቶክ ባለቤት ባይትዳንስ፣ ሠራተኞቹ ለጋዜጠኞች ምሥጢር ያወጣውን ሰው ለማግኘት የጋዜጠኞቹን መረጃ መመልከታቸውን አምኖ አራቱን አሰናብቷል። እነዚህ ሁሉ ቁልፉን ከኩባንያው የተቀበሉ ሰዎች ነበሩ፤ መንግሥትን ለሚተች ሰው የስልክ ቁጥሩ መውጣት የእስር መነሻ ሊሆን ስለሚችል ነገሩን አቅልሎ ማየት አይገባም።

ስለዚህ ስለ ጨዋነትዎ ብቻ ሳይሆን ጨዋነት ሲጎድል ስለሚይዘው አሠራር ይናገሩ፦ ፈቃዱ በያዙት ጉዳይ ልክ ተወስኖ ጉዳዩ ሲዘጋ የሚያበቃ፣ መልእክት በተከፈተ ቁጥር ማን፣ መቼና ለየትኛው ጉዳይ እንደከፈተው የሚመዘገብ፣ መዝገቡንም የከፈተው ሰው ሊሰርዘው የማይችል፣ ሌላ ክፍል የሚመረምረው ሊሆን ይገባል። ከቻሉ ፖስትግሬስ በተባለው የዳታቤዝ ሶፍትዌር ትንሽ ዳታቤዝ ሠርተው፣ የጉዳይ ቁጥር ሳይገባ መልእክት ለመክፈት ሲሞከር ሲከለክልና ሙከራውንም ሲመዘግብ ያሳዩዋቸው፤ ከሠርተፍኬት ይልቅ ይህ ይናገርልዎታል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ንም ያንብቡ፤ ይህ ሙያ አገር ቤትም ይፈለጋል።

ፈተናው ከአለቃ ብቻ አይመጣም። አክስትዎ «እስቲ የልጄ እጮኛ ከማን ጋር እንደሚጻጻፍ እይልኝ» የሚሉበት ቀን ሊመጣ ይችላልና፣ እሳቸውን ሳያስቀይሙ የሚመልሱትን ቃል ከወዲሁ ያስቡበት።

በመጨረሻም እርስዎ ይጠይቋቸው፦ «መዝገቡን በየስንት ጊዜው የሚያነበው ማን ነው?» መልሱ «ሠራተኞቻችንን እናምናለን» ብቻ ከሆነ፣ ከመፈረምዎ በፊት ደግመው ይጻፉልን።