የሬዲዮዋ ትራንስፎርመር ኢንዳክተር ይሆናል ወይ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ኤሌክትሪክ ክራር እጫወታለሁ። ዋ-ዋ ፔዳል (በእግር ሲረገጥ ድምፁን «ዋ-ዋ» የሚያሰኝ) በራሴ ልሥራ ብዬ ተነሳሁና 500 ሚሊሄንሪ (ግማሽ ሄንሪ) ኢንዳክተር፣ ማለትም የሽቦ ጥቅል፣ ላይ ቆምኩ፤ ሱቅ ለሱቅ ዞሬ አጣሁት። ከተበላሸች የአባቴ ትራንዚስተር ሬዲዮ የስፒከሯን ትንሽ ትራንስፎርመር ነቅዬ ገጠምኩ። በቴስተር 60 ኦም ታነባለች። ትርፎቹ ሁለት ሽቦዎች እንዳይንጠለጠሉ ጠምዝዤ በየድኳቸው። ድምፁ ያልፋል፣ «ዋ» ግን የለም። አንድ ጓደኛዬ «ትራንስፎርመር መቼም ኢንዳክተር አይሆንም» አለኝ። እውነት ነው? ደግሞስ የአምፕሊፋየሬን ጉምጉምታ ለማጥፋት የ220 ቮልት ትራንስፎርመር ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ባስገባ ይሠራል?
ክራር መቺው፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጓደኛህ ተሳስቷል። ትራንስፎርመር ማለት እኮ አንድ ብረት የሚጋሩ ሁለት ኢንዳክተሮች ናቸው። ጥፋቱ ያንተ ነው፣ ያውም ለጥንቃቄ ብለህ ያደረግከው፦ ሁለቱን ሽቦ መበየድህ።

ሰከንደሪውን (ሁለቱን ሽቦ የበየድክበትን ጥቅል) ሾርት ስታደርገው በውስጡ ከረንት ይዞራል፣ ያ ከረንት ደግሞ ፕራይመሪው (ፔዳሉ ላይ የገጠምከው ጥቅል) ብረቱ ላይ የሚፈጥረውን ማግኔት እየተቃወመ ያጠፋዋል። በፕራይመሪው በኩል የሚቀርህ የሽቦው ኦምና ከብረቱ ውጭ የሾለከች ትንሽ ኢንዳክታንስ (በሄንሪ የሚለካው የጥቅሉ አቅም) ብቻ ናት። በዚያ «ዋ» አይባልም። ስለዚህ ፍታቸውና እያንዳንዱን ለብቻው በቴፕ ጠቅልለህ ተወው። ስፒከርም ቢሆን አታንጠልጥልበት፤ ትራንስፎርመሩ 10 ለ 1 ቢሆን 8 ኦሙ ስፒከር በፕራይመሪው በኩል 800 ኦም መስሎ ይታያል፣ እሱም ፊልተሩን ያፍነዋል።

60 ኦም ያልከው የሽቦው ርዝመትና ቅጥነት ነው እንጂ ስለ ሄንሪ የሚነግርህ ነገር የለም። ሄንሪውን እንዲህ ለካው። ስልክህ ላይ የድምፅ ፍሪኩዌንሲ የሚያወጣ አፕ ጫን። ከጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ በ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አሳልፈህ ወደ ፕራይመሪው አስገባ፣ ከፕራይመሪው ጎን ለጎን 1 ማይክሮፋራድ ኮንደንሰር አስረህ። ፖዘቲቭ ኔጋቲቭ የሌለው ኮንደንሰር ይሁን። ከዚያ ፍሪኩዌንሲውን ከ50 ጀምረህ ቀስ እያልክ ከፍ አድርገው። አንድ ቦታ ላይ በፕራይመሪው ሁለት ጫፎች መካከል ያለው ቮልቴጅ ጉብ ይላል። እዚያ ላይ ቁም፤ 25,330ን ለዚያ ቁጥር ስኩዌር አካፍል፣ የምታገኘው ሄንሪ ነው። ጉብታው 225 ኸርዝ ላይ ከመጣ ግማሽ ሄንሪ አገኘህ ማለት ነው፣ የምትፈልጋት እሷን ነው። ርካሾቹ ቢጫ ቴስተሮች ዝቅተኛው የኤሲ መለኪያቸው እስከ 200 ቮልት የሚለካው ስለሆነ ይህችን ትንሽ ቮልቴጅ አያዩም፤ ያንተ እንደዚያ ከሆነ ወደ አምፕሊፋየር አስገባትና በጆሮህ ፈልጋት። እኔ እንዲያውም ጆሮዬን ነው የማምነው።

ቁጥሩ ግማሽ ሄንሪ ላይ ካልገጠመ አትናደድ። ፔዳሉ ውስጥ ካለው 0.01 ማይክሮፋራድ ኮንደንሰር ጋር ግማሽ ሄንሪ ወደ 2,250 ኸርዝ ይሰጥሃል፣ ፔዳሉን ስትረግጥና ስትለቅ የሚንቀሳቀሰው ከዚያ ወደ ታች ነው። ኢንዳክታንሱ እጥፍ ከሆነብህ ኮንደንሰሩን ግማሽ አድርገው፣ ቦታው አይለወጥም። የመሃል ሽቦ ያለው ትራንስፎርመር ከሆነ ደግሞ ሌላ ዕድል አለህ፦ ኢንዳክታንስ በዙሩ ስኩዌር ስለሚሄድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ከግማሹ አራት እጥፍ ነው። ሁለት የተለያዩ ጥቅሎችን ራስህ ስትቀጥል ግን አቅጣጫቸውን አስተውል፤ ተገላብጠው ከተያያዙ ይጠፋፋሉ፣ እኩል ከሆኑማ ምንም አይቀርህም።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። ይህች ትንሽ ትራንስፎርመር ሽፋን ስለሌላት በአጠገቧ ያለውን የማግኔት ነገር ሁሉ ትሰማለች። የመጀመሪያ ፔዳሌን ከአምፕሊፋየሩ ላይ አስቀምጬ 50 ኸርዙ ከክራሩ በላይ ሲጮህ ግራውንድ ፍለጋ ሁለት ማታ ፈጅቼበታለሁ። መፍትሔው ሳጥኑን ወዲያ ማራቅና ትራንስፎርመሯን 90 ዲግሪ ማዞር ብቻ ነበር። ከመበየድህ በፊት በእጅህ ይዘህ አዙራት፣ ጸጥ የምትልበት ቦታ አላት።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄህ ስንመጣ፣ እዚህ ላይ ተወው እልሃለሁ። ፔዳሉ ውስጥ በኢንዳክተሩ የሚያልፈው ዲሲ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ፓወር ሰፕላይ ላይ ግን የሚፈሰው ዲሲ ነው። የ220 ቮልት ትራንስፎርመር ቆርቆሮዎቹ ያለ ክፍተት የተጋጠሙ ስለሆኑ ዲሲ ሲያልፍበት ብረቱ ቶሎ ይጠግባል (ከዚያ በላይ ማግኔት መሸከም ያቅተዋል)፣ ከጠገበ ደግሞ ኢንዳክታንሱ ይወርዳል። ለዚህ ተብሎ የሚሠራው ቾክ የሚባል ኢንዳክተር ሆን ተብሎ ብረቱ መሃል ክፍተት ይተውለታል። በድሮ የቱቦ አምፕሊፋየር የሚሠሩ ሰዎች ትራንስፎርመሩን ፈተው የኢ (E) ቅርጽ ቆርቆሮዎቹን ሁሉ በአንድ ወገን፣ የአይ (I) ቅርጾቹን በሌላ ወገን አድርገው መሃሉ ላይ ወረቀት ያስገባሉ፤ ይሠራል፣ ቫርኒሹ ግን ጣት ይልጣል። ያንተ የትራንዚስተር ከሆነ የፕራይመሪው ቀጭን ሽቦ ብዙ ኦም አለው፣ ቮልቴጁን ይበላብሃል፣ ይግላልም። ትልቅ ኮንደንሰር ጨምርበት፣ ይበቃሃል።

ትልቅ ትራንስፎርመር በኦም ስትለካም ሁለቱን ጫፍ በባዶ እጅህ አትያዝ። ቴስተሩን ስታነሳ ነዘር ያደርግሃል።