በሽታ ዝም ብሎ የሚሠራባቸው ዓመታት

ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው ባሕር ዳር ውስጥ ሕክምና፣ ነርሲንግ፣ ፋርማሲ፣ ላቦራቶሪ ወይም ባዮሎጂ ለምትማሩ ነው። የእኔ ዕድሜ ያለፈው ባዮኬሚስትሪ በማስተማርና የሕሙማንን ደም በመመርመር ነው። በየዓመቱ የማየው አንድ ነገር ያሳስበኛል። ጎበዝ ተማሪ የግላይኮሊሲስን፣ ማለትም ሴል ግሉኮስን የሚሰባብርበትን፣ ዐሥር እርምጃ ከነኢንዛይሙ ሸምድዶ ፈተናውን ይደፍናል፤ በፈለገ ሕይወትም ሆነ በጥበበ ግዮን ሆስፒታል ዋርድ ሲገባ ግን ያንን ሁሉ በር ላይ ትቶት ይገባል። አልጋ ላይ የተኛው ሰው ሕመምና ያ በቀስት የተሞላ ሰንጠረዥ የሚገናኙ አይመስለውም። እኔ የሚገናኙበትን ቦታ ላሳያችሁ እፈልጋለሁ። ስኳርም፣ የልብ ሕመምም፣ ካንሰርም ሰውየው ሐኪም ቤት የመጣ ዕለት አልጀመሩም። ከዚያ በፊት ብዙ ዓመታት አልፈዋል፤ በነዚያ ዓመታት ሰውየው ጤነኛ ነኝ ብሎ ሲያርስ፣ ሲነግድ፣ ሲድር ሲኩል ነበር። ያን ጊዜ በአካሉ ውስጥ ምን ይካሄድ እንደነበር ለማወቅ ሞለኪውሉን ማወቅ ግድ ነው።

አንድ የዘጌ ሰው ትዝ ይሉኛል። ጠና ያሉ፣ ቀጭን፣ በቡና የሚተዳደሩ ሰው ነበሩ። የመጡት እግር ጣታቸው ላይ ባለ ቁስል ነው። ቁስሉ ጠቁሯል፣ ሽታ አምጥቷል፣ ዙሪያው አብጧል፤ እሳቸውን ግን አያማቸውም። ባለቤታቸው አንሶላው ላይ ፈሳሽ አይተው ባይደነግጡ ኖሮ ጭራሽም አይመጡም ነበር። በባዶ ሆድ የተለካው ስኳራቸው ለምርመራ ከምንጠቀምበት ከ126 ሚሊግራም በዴሲሊትር እጅግ አልፎ ተገኘ። ደም ለቀዳችላቸው ልጅ «ስኳር የባለጠጋ በሽታ አይደል እንዴ፣ ልጄ? እኔ ቡናዬን እንኳ በጨው ነው የምጠጣ» አሏት። ልጅቱ ፈገግ ብላ ዝም አለች። ጥያቄያቸው ግን መልስ የሚገባው ጥያቄ ነበር።

መጀመሪያ ቁስሉን እንየው። ጡንቻና ስብ ግሉኮስን በብዛት የሚያስገቡት ኢንሱሊን ሲያዛቸው ነው። የደም ሥር ውስጠኛ ግድግዳ፣ ነርቭና ሬቲና ግን ኢንሱሊን አይጠብቁም፤ ስኳር ደም ውስጥ ሲበዛ እነሱም ውስጥ ይበዛል። ከተረፈው ግሉኮስ ከፊሉ አልዶስ ሪዳክቴዝ በሚባል ኢንዛይም ወደ ሶርቢቶል ይለወጣል፤ ይህ ለውጥ ኤንኤዲፒኤች የተባለ ረዳት ሞለኪውል ይፈጃል። ኤንኤዲፒኤች ሲያጥር ግሉታታዮን የተባለው የሴሉ ጋሻ አይታደስም፣ ሴሉም ከኦክስጅን ጉዳት ራሱን የሚከላከልበትን ያጣል። ሌላው ስኳር ያለ ምንም ኢንዛይም በቀጥታ ፕሮቲን ላይ ይለጠፋል፤ እንደ ኮላጅን ያሉ ረጅም ዕድሜ ያላቸው ፕሮቲኖች እርስ በርስ እየተሳሰሩ ይደርቃሉ። ነርቭን የሚመግቡ ጥቃቅን የደም ሥሮች ይጠባሉ። ነርቩ ቀስ በቀስ ይሞታል፤ ድንጋይ ሲወጋው፣ ጫማ ሲልጠው ለባለቤቱ አይነግረውም። የዘጌው ሰው ቁስል የዚህ ሁሉ መጨረሻ ነበር።

«የሦስት ወር ስኳር» የምንለው ምርመራም የተመሠረተው በዚሁ ኬሚስትሪ ላይ ነው። ቀይ የደም ሴል ወደ 120 ቀን ይኖራል፤ በነዚያ ቀናት ግሉኮስ ሄሞግሎቢኑ ላይ እየተለጠፈ ይቆያል። ስኳር የተለጠፈበት ሄሞግሎቢን 6.5 በመቶና ከዚያ በላይ ሲሆን የስኳር ሕመም እንላለን። ላቦራቶሪ ለምትሠሩት ልጆቼ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ደም ማነስ ያለበት፣ ብዙ ደም የፈሰሰው ወይም ደም የተሰጠው ሰው ቀይ ሴሎቹ ዕድሜያቸው ስለተዛባ ይህ ቁጥር ሊያሳስት ይችላል። ማሽኑ ያወጣውን ወረቀት ከመስጠታችሁ በፊት የሰውየውን ሌላ ምርመራ ተመልከቱ።

ስለ ባለጠጋው ጥያቄ ደግሞ፣ በከተማ የምናየው ስኳር ብዙውን ጊዜ ከውፍረት ጋር ይመጣል። ስብ ከማከማቻው ተርፎ ጉበትና ጡንቻ ውስጥ ሲገባ የኢንሱሊን ትእዛዝ ወደ ሴሉ ውስጥ በወጉ አይተላለፍም፤ ቆሽት ይህን ለማካካስ ለዓመታት ኢንሱሊን ሲያበዛ ይቆይና ይደክማል። ቀጫጭኖቹ ገበሬዎቻችን ግን ሌላ መንገድ ሊኖራቸው ይችላል። በማኅፀንና በልጅነት የተራበ አካል ኢንሱሊን የማመንጨት አቅሙ ሳይዳብር የሚቀር ይመስላል። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ስኳር «ዓይነት 5» ብሎ የተቀበለው በ2025 እ.ኤ.አ. ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ሕፃን የነበረ ሰው ዛሬ ጎልማሳ ነው። ቀጭን ሰው ፊታችሁ ሲቀመጥ «ይህስ ስኳር የለበትም» ብላችሁ አትለፉት።

ዐቢይ ጾም ሲመጣ ሌላ ነገር ታያላችሁ። አንዲት እናት ግሊበንክላማይድ የተባለውን የስኳር ክኒናቸውን ማለዳ ውጠው፣ እንደ ልማዳቸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ ቆዩ። ከቅዳሴ ሲወጡ ላብ አጠመቃቸው፣ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፣ ንግግራቸው ተወላገደ። በአጠገባቸው የነበረው ሰው መንፈስ ያዛቸው ብሎ ተሯሯጠ። ከምእመናኑ መካከል የነበረች አንዲት ነርስ ግን መድኃኒት ይወስዱ እንደሆን ጠየቀች፤ ገና መዋጥ ሲችሉ ስኳር በውኃ በጥብጣ አጠጣቻቸው። ትንሽ ቆይተው ልጆቻቸውን በስም መጥራት ጀመሩ። ያችን ነርስ የመራት፣ እናቲቱንም ያተረፋቸው አንድ የመማሪያ ገጽ ነው። በጤናማው የቆሽት ሴል ግሉኮስ ይገባል፣ ይቃጠላል፣ የሴሉ የጉልበት ሞለኪውል የሆነው ኤቲፒ ይጨምራል፤ ኤቲፒ የፖታሲየሙን በር ይዘጋል፣ ካልሲየም ይገባል፣ ኢንሱሊን ይለቀቃል። ግሊበንክላማይድ ያንን በር በቀጥታ ይዘጋዋል፤ ምግብ ይኑር አይኑር አይጠይቅም፤ ስለዚህ ያልበላ ሰው ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል። ሌላው የስኳር ክኒን ሜትፎርሚን በዋናነት ጉበት የሚያመርተውን ስኳር ስለሚቀንስ ብቻውን ሲወሰድ እንዲህ አያደርግም ማለት ይቻላል። እንግዲህ ጾም ከመግባቱ በፊት «እማማ፣ ይጾማሉ? የሚወስዱት ክኒን የቱ ነው?» ብሎ መጠየቅ፣ ከሐኪማቸው ጋር መጠኑንና ሰዓቱን ማስተካከል የእናንተ ሥራ ነው። ጾሙን ለማስተው አትሟገቱ፤ ሰው ሃይማኖቱን የሚያከብርለትን ባለሙያ ነው የሚሰማው።

ከዚህ ወደ ካንሰር ያለው መንገድ ሩቅ አይደለም። ኢንሱሊን ተቀባዩን ሲይዝ ፒአይ3ኬ እና ኤኬቲ የሚባሉ ፕሮቲኖች በተራ ይነሣሉ፤ ሴሉ ግሉኮስ ያስገባል፣ ፕሮቲንና ስብ ይሠራል፣ ያድጋል። ካንሰርም የሚጠቀመው ይህንኑ መስመር ነው። በጡት ካንሰር ፒአይ3ኬን የሚሠራው ዘረመል ብዙ ጊዜ ተለውጦ ይገኛል፤ መስመሩን የሚገታው ፒቲኢኤን ደግሞ በብዙ ዓይነት ዕጢዎች ይጠፋል። ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ ኢንሱሊንና ውፍረት ከማኅፀን፣ ከጉበትና ከትልቁ አንጀት ካንሰር ጋር የሚያያዙበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ኦቶ ዋርበርግ የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ዕጢ ኦክስጅን እያለለት ግሉኮስን ወደ ላክቴት ሲለውጥ አየ። አንድ ግሉኮስ በዚህ መንገድ 2 ኤቲፒ ብቻ ያስገኛል፤ የሴሉ ምድጃ በሆነው ሚቶኮንድሪያ ውስጥ እስከ መጨረሻው ቢቃጠል ወደ 30 ይሰጥ ነበር። ዋርበርግ የካንሰር ሥር የሚቶኮንድሪያ መበላሸት ነው ብሎ አመነ። በኋላ ግን በአብዛኞቹ ካንሰሮች ሚቶኮንድሪያው እንደሚሠራ ታወቀ። ታዲያ ለምን? የሚከፋፈል ሴል ጉልበት ብቻ አይበቃውም፤ ዲኤንኤ፣ ሽፋን፣ ፕሮቲን የሚሠራበት ካርቦን ያስፈልገዋል። ባሕር ዛፉን ሁሉ ለማገዶ ያነደደ ሰው ለቤቱ ማገር አያገኝም። ዕጢው ግሉኮሱን ጨርሶ ከማቃጠል ይልቅ ከመንገድ እየጠለፈ ለግንባታ ያውለዋል። ፔት ስካን ካንሰርን የሚያሳየውም በዚህ ጠባዩ ነው፤ ጨረር የሚሰጥ ፍሎሪን የተያያዘበት ግሉኮስ መሰል ነገር ይወጋል፣ ዕጢውም ተሻምቶ ይወስደዋል፣ ፎቶው ላይ ይታያል።

ይህን ግማሹን የሰሙ ሰዎች «ካንሰር ስኳር ይበላል፤ ስኳርና እንጀራ አቁሚና ይሞታል» ብለው የታመመችን እህት ያስርባሉ። በጣም ያሳዝነኛል፤ ተማሪዎቼም ይህን ሲደግሙ ሰምቻለሁ። ሰው ባይበላም ጉበት ከአሚኖ አሲድና ከግሊሰሮል ግሉኮስ እየሠራ ደሙን ያሟላል፤ አሚኖ አሲዱ የሚመጣው ከጡንቻ ነው። ዕጢውም ግሉታሚን የተባለውን አሚኖ አሲድና ስብ መጠቀም ያውቃል። ተርባ የከሳችው ሴት ግን ኬሞቴራፒውን የምትቋቋምበት አቅም አይኖራትም። አንድ ቀስት ብቻ ያየ ሰው እንዲህ ይሳሳታል። እናንተ ሙሉውን ሰንጠረዥ የተማራችሁ ናችሁና ለቤተሰቡ ቁጭ ብላችሁ አስረዱ። እንቁላሉን፣ ሽሮውን፣ የጣናን ዓሣ ትብላ በሉ።

አሁን ደግሞ ወደ መራዊ በቆሎ ጎተራ ኑ። ዝናብ ሳያባራ የተሰበሰበ በቆሎ ሽፋኑ ሲገለጥ ጫፉ ላይ፣ ተባይ በበላው በኩል፣ አረንጓዴና ቢጫ የተቀላቀለበት ዱቄት መሰል ሻጋታ ይታያል። ከነዚህ ሻጋታዎች አንዱ አስፐርጂለስ ፍላቨስ ነው፤ የሚያመነጨው መርዝ አፍላቶክሲን ይባላል። መርዙ የታወቀው በ1960 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ የቱርክ ዶሮዎች በተበከለ የለውዝ መኖ ካለቁ በኋላ ነው። የገባኝ ጊዜ ያስደነገጠኝ ግን ጉበት ራሱ የሚያደርገው ነገር ነው። ጉበት መርዙን አጥቦ ለማስወጣት ሲሞክር በኢንዛይሙ ኢፖክሳይድ ወደሚባል ቶሎ ወደሚጣበቅ ነገር ይለውጠዋል፤ ያ ኢፖክሳይድ ከዲኤንኤው ፊደላት አንዱ የሆነውን ጓኒን ይይዛል። ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ፒ53 የተባለው ዘረመል፣ ያውም ኮዶን 249 በሚባለው ቦታ ላይ ነው። ፒ53 ዲኤንኤ ሲጎዳ መከፋፈልን የሚያስቆምና እስኪጠገን የሚያዘገይ፣ ካልሆነም ሴሉን የሚገድል ፕሮቲን ነው፤ ከሰው ካንሰር ግማሽ ያህሉ ውስጥ ተለውጦ ይገኛል። ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው አፍላቶክሲን ሲጨመርበት የጉበት ካንሰር አደጋው እጥፍ ድርብ ይሆናል። ቫይረሱ ጉበትን ለዓመታት ያቆስላል፣ ጉበት ራሱን ለመተካት ይከፋፈላል፣ በሚከፋፈል ሴል ላይ ደግሞ የዲኤንኤ ጉዳት በቀላሉ ይጸናል። ምግብ ማብሰል መርዙን አያጠፋውም። የሻገተውን ለላም የሰጠ ሰው ከወተቱ ጋር የመርዙን ልጅ፣ ማለትም ላሟ ውስጥ ከእሱ የተለወጠውን መርዝ፣ ያገኘዋል። ስለዚህ ገጠር ለመስክ ትምህርት ስትወጡ ጎተራውን ግቡና እዩ፤ በቆሎው በደንብ ደርቆ ነው የገባው? ከመሬት ከፍ ብሏል?

ሞለኪውል የሚገኘው ውጭ አገር ላቦራቶሪ ብቻ ነው የሚል ካለ ዶክተር አክሊሉ ለማን ያስብ። በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አስተዋሉ። ቀንድ አውጣ ብልሃርዝያን የሚያዛምት ነው። ከዚያ በእንዶዱ ውስጥ ያለውን ሳፖኒን የተባለ አረፋ የሚያወጣ ንጥረ ነገር ለማጥናት ዕድሜያቸውን ሰጡ፤ በ1989 እ.ኤ.አ. ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ያ ምልከታ ማይክሮስኮፕ አልጠየቀም። ብልሃርዝያ ዛሬም ጣና ዳር አለ፤ የምትጠይቁት ነገር እዚሁ ሞልቷል።

ስለ ማኅፀን በር ካንሰር ሳልነግራችሁ አልጨርስም፤ ዝም ያሉት ዓመታት እንደዚህ ግልጥ ብለው የሚታዩበት ሌላ በሽታ የለም። ይህን ካንሰር የሚያመጣው ቫይረስ ኤችፒቪ፣ ኢ6 በሚባል ፕሮቲኑ ፒ53ን ያስፈርሳል፣ በኢ7 ደግሞ አርቢ የተባለውን ሌላ ጠባቂ ያሰናክላል። ከዚያ እስከ ካንሰሩ ድረስ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ዓመት ይወስዳል። በነዚያ ዓመታት ሴትየዋ ምንም አይሰማትም፤ ግን በቀጭን አሴቲክ አሲድ ብቻ ማየት ይቻላል። የተለወጡት ሴሎች ኒውክሊየሳቸው ተለቅ ያለ፣ ፕሮቲናቸው የበዛ ስለሆነ አሲዱ ሲነካቸው ለጥቂት ጊዜ ነጭ ይሆናሉ፤ በዚያው ዕለት በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት ማስወገድ ይቻላል። ክትባቱ አገራችን ውስጥ በ2018 እ.ኤ.አ. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ተጀምሯል። እናታችሁን፣ አክስታችሁን፣ የተከራያችሁበትን ቤት እመቤት «ምርመራውን አድርገዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ማፈራችሁ ይገባኛል፤ ቢሆንም ጠይቁ።

ስለ ራሳችሁም ልናገር። ሄፓታይተስ ቢን የያዘው የሕፃናት ክትባት ኢትዮጵያ ውስጥ የገባው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ከዚያ በፊት የተወለዳችሁ ናችሁ። በሕፃንነቱ ቫይረሱ የያዘው ሰው ከ10 ዘጠኙ ዕድሜ ልኩን ይዞት ይኖራል፤ መርፌና ደም የሚነካ ሰው ደግሞ በሥራው ሊያዝ ይችላል። የመጀመሪያው የዋርድ ልምምዳችሁ ሳይደርስ ተመርመሩ። ቫይረሱ ከሌለባችሁ ሦስቱን ክትባት በጊዜው ጨርሱ። ካለባችሁም አትደበቁ፤ ክትትልና መድኃኒት አለው፣ ጉበታችሁን በየጊዜው ማስመርመር ትችላላችሁ። ታናናሾቻችሁንም ይዛችሁ ሂዱ።