አዳራሹ አለን፤ ሥራ ማስኬጃውስ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ። ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ ነው የምኖረው። የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ነኝ። ከገጠር ቀበሌዎች መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች በሰፈራችን አሉ። ሰው ቤት እየሠሩ በርቀት የሚማሩ ሴቶችም አሉ። ክፍላቸው ጠባብ ነው፤ ማታ መብራት ማብራቱ ደግሞ ከአከራይ ጋር ያጣላቸዋል። የዕድራችን አዳራሽ ለቅሶ ከሌለ ባዶውን ያድራል። ማጥኛ እናድርገው ብለን አንድ ቢሮ ሄድን። «ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ በጀት ግን የለም» አሉን። ሌላ ቦታ ደግሞ «መጀመሪያ እንደ ድርጅት ተመዝገቡ» ተባልን። ኮምፒውተር እሰጣለሁ ያለ ነጋዴ አግኝተናል። ለመሆኑ የአስተዳደሩ በጀት ለእንዲህ ያለ ነገር አይሆንም? ከየት እንጀምር?
የዕድር ጸሐፊዋ

መልስ፦ እህቴ፣ አንቱታ ድሬ ላይ አያምርብኝምና አንቺ እያልኩ ልቀጥል። የሥራ ዘመኔን የጨረስኩት በጀት ክፍል ነው። «በጀት የለም» ብዬ የሸኘኋቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ ካዝናው ባዶ ሆኖ አልነበረም። ጥያቄው የሚገባበት የበጀት መደብ ስላልነበረው ነው። መደብ የሌለው ጥያቄ የቱንም ያህል ልብ ቢነካ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

ኮምፒውተሩን ለጊዜው እርሺው። ነጋዴውን አመስግኑና ትንሽ ታገሠን በሉት። ዕቃ የሚሰጥ ሰው አይጠፋም። ዕቃ ሲሰጥ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሣል። የዘበኛ ደመወዝ ሲከፈል ግን ማንም ፎቶ አያነሣም። አንድ ቦታ ያየሁትን ልንገርሽ። ኮምፒውተሮቹ ከነላስቲካቸው ተደርድረዋል። ላስቲኩ ላይ ያለው አቧራ በጣት ስም ያስጽፋል። ቁልፉ ደመወዙ ከተቋረጠበት ዘበኛ ጋር ነው፤ እሱም ሌላ ሥራ ይዟል። ልጆቹ በመስኮት እያዩ ያልፋሉ።

እናንተ የምትጠይቁት መደበኛ በጀት ነው፤ ከዚያም ውስጥ ሥራ ማስኬጃውን። እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት የሚቆይ ዘበኛ። በሰዓት የሚከፈላቸው አንድ የሒሳብና አንድ የእንግሊዝኛ መምህር። የመብራት ካርድ። የዋይፋይ ወርሃዊ ክፍያ። ቬንትሌተርም ያስፈልጋል፤ በግንቦት ማታ ቆርቆሮ ሥር ቬንትሌተር ሳይኖር ማጥናት ቅጣት ነው። ግን እሱ ቋሚ ዕቃ ነው ብለው ይመልሱብሻል። እንግዲያው ነጋዴው በቬንትሌተርና በደህና ዲቫይደር ይጀምር። ስልክ ቻርጅ ለማድረግ ብቻ የሚመጡ ልጆች ይኖራሉ። ይምጡ፣ ውለው አድረው መጽሐፍ ይዘው ይመጣሉ።

ገንዘቡ ለዕድሩ እጅ በእጅ አይሰጥም። ባለበጀት መሥሪያ ቤት ያስፈልገዋል። ቀላሉ መንገድ በቅርብ ያለውን የመንግሥት ትምህርት ቤት መያዝ ነው። ማጥኛው በትምህርት ቤቱ ዕቅድ ውስጥ ይግባ፤ እናንተ አዳራሹን በመግባቢያ ሰነድ ስጡ። ርዕሰ መምህሩን ብቻ አታናግሩ፤ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱንም ያዙ። ቃለ ጉባኤ የተያያዘበት ጥያቄ ሌላ ክብደት አለው። ኮምፒውተሩም ጊዜው ሲደርስ በሞዴል 19፣ ማለትም በንብረት ገቢ ደረሰኝ፣ ለትምህርት ቤቱ ገቢ ይሁን። ገቢ ያልተደረገ ዕቃ ሲበላሽ በመንግሥት ገንዘብ የሚያስጠግንልሽ የለም።

«እንደ ድርጅት ተመዝገቡ» ያሏችሁን አትስሟቸው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ዕድርና ዕቁብን እንደማይመለከት ራሱ ይናገራል።

ጊዜውን ልብ በይ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያልቃል። ምክር ቤቱ በጀት ሲያጸድቅ በቴሌቪዥን አይቶ መሮጥ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። መሥሪያ ቤቶች ጥያቄያቸውን የሚያስገቡት ከወራት በፊት ነው። በጋው ሳይወጣ ወረቀታችሁ ትምህርት ቤቱ ዘንድ ይድረስ። ካመለጣችሁ የበጀት ዝውውር የሚባል ነገር አለ። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ያልተሠራበት ገንዘብ ያለው ክፍል አይጠፋም፤ ያኔ ተዘጋጅቶ የተገኘ ይቀድማል።

ወረቀቱ ላይ «ችግረኞች ናቸውና ይረዱ» ብቻ ብለሽ አታቁሚ። ኃላፊውን እንቅልፍ የሚነሣውን ጻፊ፤ እሱም ውጤት ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት ሲጀምር፣ ከ2014 ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ደግሞ ፈተናው በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ጀመረ። ከጀልዴሳ ወይም ከዋሂል ገጠር የመጣ፣ ማውዝ ጨብጦ የማያውቅ ልጅ፣ ልምምዱ የፈተናው ዕለት ይሁን? መጋቢት 2012 ትምህርት ቤቶች ሲዘጉም 26 ሚሊዮን ገደማ ተማሪ ቤት ዋለ። ትምህርት በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም ቀጠለ ሲባል፣ ስልክ የሌለው ልጅ በዚያው ቀረ። ይህንንም ጨምሪበት።

የውጭ ምሳሌ ለሚወድ ኃላፊ ደግሞ አሜሪካ ያለችውን ሳን ፍራንሲስኮን ጥቀሺ። እ.ኤ.አ. በ2020 ትምህርቱ በስክሪን ሲሆን ቤተ መጻሕፍትንና የመዝናኛ ማዕከላትን ማጥኛ አድርጋ ከፈተች። ቅድሚያውን መጠለያ ለሌላቸውና በመንግሥት ቤት ለሚኖሩ ቤተሰቦች ልጆች ሰጠች። ሀብታም ከተማ ናት፣ አውቃለሁ። ግን ነገሩን ያቀለለው ሌላ ነው። መራጮቿ እ.ኤ.አ. በ1991 ከንብረት ግብሩ ለልጆች የሚውል ድርሻ በድምፅ ለይተው አስቀምጠዋል። ክፉ ቀን ሲመጣ መደቡ ነበረ።

አሁን ገንዘብ ወደማይፈታው ልምጣ። ማጥኛው ቢከፈት የቤት ሠራተኛዋ ማታ እንዴት ትመጣለች? እራት ማን ያቀርባል? ዕቃ ማን ያጥባል? ለዚህ የትኛውም ቢሮ መልስ የለውም፤ እናንተ ግን አላችሁ። አሠሪዋ የእናንተ ዕድርተኛ ናት። መብራት አጥፉ የሚለው አከራይም ዕድርተኛ ነው። በወርሃዊው ስብሰባ አንድ አጀንዳ አስይዢ። የምትማር ሠራተኛ ያላት ቤት በሳምንት ሁለት ማታ፣ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ትልቀቃት። ቀብር የቀረ እንደሚቀጣው ሁሉ፣ የከለከለም ይቀጣ። መጀመሪያ ያጉረመርማሉ። ፊት የሚነሡሽም አይጠፉም፤ ቻይው። ሴቶቹ ሲመለሱ ደግሞ በየአቅጣጫው ተቧድነው ይሂዱ፤ የሰፈሩ ወጣቶች ያድርሷቸው። ይህ ካልተስተካከለ በሁለተኛው ሳምንት አንዲትም ሴት አታገኚም።

አደራ፣ በሩ ላይ «የችግረኛ ተማሪዎች ማዕከል» ብላችሁ እንዳትለጥፉ። የስም ዝርዝርም ግድግዳ ላይ አይውጣ። አሥራ ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ እንዲህ ያለ በር ከሚገባ ውጭ የመንገድ መብራት ሥር ቢቀመጥ ይመርጣል። ለሁሉም ክፍት ይሁን፤ ወንበር ሲጠብ ቅድሚያ የሚሰጠው ማን እንደሆነ እናንተ በልባችሁ ያዙት።

ጥያቄ፦ ሐረር፣ ሸንኮር ነኝ። 11ኛ ክፍልን በርቀት እማራለሁ። መጽሐፍ የለኝም። ስልኩ የእኔና የእህቴ የጋራ ነው፤ ዳታም አልቻልኩትም። እንዲህ ያለ ማዕከል እኛ ጋ እስኪከፈት ምን ላድርግ?

መልስ፦ ልጄ፣ የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጻሕፍት በፒዲኤፍ አሉ። ያወረደ ሰው ፈልጊና በሚሞሪ ገልብጪ፤ ከዚያ በኋላ ዳታ አይበላብሽም። ቪዲዮውን ለጊዜው ተዪው። በየምዕራፉ መጨረሻ ያሉትን ጥያቄዎች በደብተር ገልብጠሽ ሥሪ፤ ስልኩ እህትሽ ጋ ሲሆንም ሥራ አለሽ ማለት ነው። እናትሽ አፎቻ፣ የሐረሩ ዕድር ማለት ነው፣ ካላት ደግሞ ከላይ ለዕድሯ ጸሐፊ የጻፍኩትን አንብቢላት። ስልኩን በሰዓት ስትካፈሉ የጠዋቱን ያዢ፤ ማታ ማታ ባትሪው አልቆ ነው የሚደርስሽ።