መጀመሪያ አጥንቱን ዳብሺ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው። የሰው ፊት በእርሳስ መሳል በጣም እወዳለሁ። ከስልክ ፎቶ እያየሁ ስገለብጥ «ቁርጥ እሱን!» ይሉኛል። ያለ ፎቶ ስሞክር ግን ፊቱ ልጥፍ ይላል፣ አንገቱም ቱቦ ይመስላል። ሕክምና የሚማር ጓደኛዬ የአናቶሚ መጽሐፍ አውሶኝ ነበር፤ የስሙ ብዛት ግራ አጋባኝ። ይሄን ሁሉ ጡንቻ መሸምደድ አለብኝ?

መልስ፦ የለብሽም እህትዓለም። ሰው ገላ ላይ ከ600 በላይ ጡንቻ አለ፤ ብዙው ውስጥ ስለተቀበረ እርሳስሽ መቼም አያገኘውም። ጓደኛሽ የሚማረው ሊያክምበት ነው። አንቺ የምትፈልጊው ከላይ የሚታየውን ቅርጽ የሚሠራውን ብቻ ነው።

ስለዚህ ከአጥንት ጀምሪ። ያውም 206ቱንም አይደለም፤ ቆዳ ስር በጣትሽ የምትነኪያቸውን፦ ጉንጭ አጥንት፣ የመንጋጋ ማዕዘን፣ ከአንገት ስር ወደ ትከሻ የሚዘረጉትን ሁለቱን፣ ክርን፣ የዳሌ ጫፍ፣ የጉልበት ሎሚ፣ ቁርጭምጭሚት። ሰው ቢወፍርም ቢከሳም እነዚህ ቦታቸውን አይለቁም።

አንገቱ ቱቦ የሆነብሽ ለምን እንደሆነ ለማየት መስታወት ፊት ቁሚና ፊትሽን ወደ ቀኝ አዙሪ። በግራ በኩል ከጆሮሽ ጀርባ ተነስቶ በሰያፍ እስከ አንገትሽ ስር ጎድጓዳ ድረስ የሚወርድ ጡንቻ ብቅ ይላል። ያዥው። በቀኝም አቻው አለ፤ ሁለቱ ወደ ታች እየተቀራረቡ የ«ቪ» ቅርጽ ይሠራሉ። ደግሞ አንገት ቀጥ ብሎ አልተተከለም፤ ወደ ፊት ያዘነብላል፣ ማጅራቱ ከትከሻ የሚገጥምበት ቦታም ከፊት ለፊት ካለው የአንገት ስር ጎድጓዳ ከፍ ይላል። እነዚህን ብቻ አስገቢና ልዩነቱን እዪው።

ፊቱ ልጥፍ የሚለው ከዓይንና ከከንፈር ስለምትጀምሪ ይመስለኛል። መጀመሪያ የራስ ቅሉን አስቀምጪ። ዓይን ያለው ከአናት እስከ አገጭ ካለው ርዝመት መሃል ላይ ነው፤ ጀማሪ ግን የግንባርንና የፀጉርን ቦታ ስለሚያሳንስ ወደ ላይ ይሰቅለዋል። ዓይን ራሱ ኳስ ነው፣ ቆቡም ኳሱን ተከትሎ ይጎብጣል። ግንባር ወደ ጎን የሚታጠፍበትን መስመር ፈልጊ፤ ብርሃኑ ከጎን ከመጣ ጥላው የሚጀምረው እዚያ ነው። (የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ላይ ዓይን ትልልቅ የሆነው ታስቦበት ነው። ያ የራሱ የከበረ ሕግ አለው፣ ከዚህ ጋር አታደባልቂው።)

ክንድ ለመማር ቤት ውስጥ ቡና የሚቀዳውን ሰው እጅ ተመልከቺ። ከክርን እስከ እጅ አንጓ ሁለት አጥንት አለ። አንዱ ከክርን ጫፍ ተነስቶ በትንሿ ጣት በኩል ይወርዳል፤ በጣትሽ ከጫፍ ጫፍ ልትከተዪው ትችያለሽ። ሌላው በአውራ ጣት በኩል ነው፤ መዳፍ ወደ ታች ሲገለበጥ በመጀመሪያው ላይ ተሻግሮ ይተኛል። ለመቅዳት ጀበናው ዘንበል ሲል ክንዱ ቅርጹን የሚቀይረው ለዚህ ነው።

ገላውን ገልጦ የሚቀመጥልኝ ከየት ላምጣ ብለሽ አትጨነቂ። ሰኞ ባቲ ገበያ ብቅ በይ። ጋቢ ደርበው፣ ሽርጥ አሸርጠው ቁጢጥ ያሉ አባት ስታገኚ አስፈቅጂያቸውና ሳዪ፤ ጨርቁ የሚንጠለጠለው ከትከሻና ከጉልበት አጥንት ነው፣ እጥፋቱም ከዚያ ነው የሚነሳው። ሰው ስለሚንቀሳቀስ ቶሎ ቶሎ ሳዪ፤ ላጲሱን ቤት ተዪው። ትልቅ ሰው ቁመቱ የራሱን ሰባት ተኩል እጥፍ ገደማ ነው፣ የዓመት ልጅ ግን አራት ያህል ብቻ። የታዘለ ሕፃን ሽማግሌ መስሎ የሚወጣው ይሄ ሲረሳ ነው።

ፎቶ መጠቀምም ነውር የለውም። ብቻ ስልኩን ፊት ላይ አስጠግተሽ አታንሺ፤ አፍንጫውን ያሳብጠዋል፣ ጆሮውን ያሸሸዋል። ሁለት ሜትር ያህል ራቂና ዙም አድርጊ።