ጠዋት ጠዋት ቋቅ ይለኛል፤ የሚወጣ ግን የለም

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ? የ41 ዓመት የሚኒባስ ሾፌር ነኝ። ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቼ ጥርሴን ስቦርሽ ቋቅ ይለኛል። እንባዬ እስኪፈስ፣ ጎኔን እስኪያመኝ ወደ ላይ ወደ ላይ ይለኛል፤ ከምራቅ በቀር የሚወጣ ነገር የለም። ከዚያ በባዶ ሆዴ ቡናዬን ጠጥቼ እወጣለሁ። ረፋድ ላይም ይደግመኛል፤ ቁርስ ከቀመስኩ ይተወኛል። ሲጋራ አጨሳለሁ፤ ከሥራ መልስ ጫት እቅማለሁ። ለወገቤ ዳይክሎፌናክ ከፋርማሲ እየገዛሁ መዋጥ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ባለቤቴ «ያረገዝከው አንተ ነህ» እያለች ትስቅብኛለች። ጓደኞቼ ደግሞ ጨጓራ ነው ብለው ተልባ አዘውልኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሰዓቱን ስለጻፉልኝ በጣም ረድተውኛል። እኔ ሰው «ያቅለሸልሸኛል» ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «መቼ መቼ?» ብዬ ነው። እኛ አገር ከእምብርት በላይ ያለ ነገር ሁሉ ጨጓራ ይባላል፤ አንዳንዴ እውነት ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ ሌላውን በሽታ ይሸፍናል።

ቋቅ ሲልዎ የሚታገለው ጨጓራዎ ብቻ አይደለም። ደረትንና ሆድን የሚለየው ጡንቻና የሆድ ጡንቻዎች ናቸው አንድ ላይ የሚኮማተሩት፤ የአየር ቧንቧው በር ደግሞ ይዘጋል። ጎንዎን የሚያምዎ ለዚህ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ምንም ያልገባበት ሆድ የሚያወጣውም የለውም።

የ11 ሰዓቱን ነገር ከብሩሹ እንጀምር። የምላስ ሥር ሲነካ ጉሮሮ በራሱ ጊዜ ይገፋል፤ ጤነኛ ሰውም ላይ ይሆናል። አጫሽ ላይ ሌሊት የተጠራቀመ አክታ ሲጨመርበት ይብሳል። ስለዚህ ምላስዎን እስከ ሥሩ አይፈግፍጉ። ሲቦርሹ አንገትዎን ወደ ፊት ደፋ ያድርጉ። ቀድመው አንድ ቁራሽ ዳቦ ቢቀምሱም ጥሩ ነው።

የረፋዱ ግን በብሩሽ አይመካኝም። እኔን የሚያሳስበኝ ዳይክሎፌናኩ ነው። ጨጓራ ራሱን ከአሲዱ የሚከላከልበት ሽፋን አለው፤ ይህ መድኃኒት ሽፋኑን ያሳሳል። «መርፌውን ብወጋ ጨጓራዬን አይነካውም» የሚል ሰው በየቀኑ ይገጥመኛል። ይነካዋል፤ ጉዳቱ በደም በኩልም ይደርሳል። በዚያ ላይ ባዶ ሆድ፣ ቡናና ሲጋራ አለ። ጫቱ ደግሞ የምግብ ፍላጎት ስለሚዘጋ እራት ሳይበሉ የሚተኙባቸው ቀናት ጥቂት አይመስሉኝም። ተሳሳትኩ?

ሌላው ኤች ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። ብዙ ሰው ላይ አለ፤ ጨጓራ ያቆስላል። ሲመረመሩ በሰገራ የሚሠራውን ምርመራ ይጠይቁ። የደሙ ምርመራ ድሮ ይዞዎት የዳነውንም «አለብህ» ሊል ይችላል። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል እየወሰዱ ከሆነ ከምርመራው 2 ሳምንት በፊት ማቆም ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ባክቴሪያው ተደብቆ ውጤቱ ነጻ ነዎት ሊል ይችላል። ከተገኘብዎ ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ የ14 ቀን ነው። ቀለል ሲልዎ በአምስተኛው ቀን እንዳይተዉት። ተልባውን አልከለክልዎትም፤ ባክቴሪያውን ግን አይገድልም።

ኩላሊትዎንም ይታዩ። ዳይክሎፌናክ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ኩላሊትን ይጎዳል። የተጎዳ ኩላሊት ደግሞ ቆሻሻውን ደም ውስጥ ስለሚያስቀር ራሱ ያቅለሸልሻል፤ ብዙ ጊዜም ጠዋት ጠዋት። ክሬአቲኒን የሚባል ቀላል የደም ምርመራ አለ። እግረ መንገድዎን ስኳርና ደም ግፊትም ይለኩ።

የባለቤትዎን ቀልድ ወድጄዋለሁ። ሴት አንባቢዎቼ ግን በቀልድ አትለፉት፤ የወር አበባ ከቀረ መጀመሪያ የእርግዝና ምርመራ ነው፣ ጨጓራ የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው። የእርግዝናው ማቅለሽለሽ በአብዛኛው ከ6ኛው ሳምንት አካባቢ ጀምሮ በ3ኛው ወር መጨረሻ ይረግባል። ውኃ እንኳ አልረጋ ካለ፣ ሽንት ከቀነሰ ግን ቤት መቀመጥ የለም። ለደም ማነስ የሚሰጠው አይረን፣ የስኳር መድኃኒቱ ሜትፎርሚንና አንቲባዮቲኩ ዶክሲሳይክሊንም በባዶ ሆድ ሲዋጡ ያጥወለውላሉ። ማይግሬንም ጭንቀትም እንደዚሁ ያደርጋል።

ቀጠሮ የማይጠበቅባቸው ነገሮች አሉ። ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ደም ወይም የቡና አተላ የመሰለ ነገር ካስመለሱ፣ ደረትዎን ጨምድዶ ይዞ ካላበዎ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። መሪውን ለሌላ ሰው ይስጡ፤ ራስዎ እየነዱ እንዳይሄዱ። ምግብ ጉሮሮዎ ላይ እየቆመ ካስቸገረዎ፣ ያለምክንያት ከከሱ፣ ወይም በየጠዋቱ ከባድ ራስ ምታት አብሮ ከመጣ ደግሞ በዚሁ ሳምንት ሐኪም ይይዎት።

ለጊዜው ዳይክሎፌናኩን ያቁሙ። ጉበትዎ ደህና ከሆነና አልኮል የማያበዙ ከሆነ ለወገብዎ ፓራሲታሞል ይሻላል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ግን ከ4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊግራሙ ከሆነ ከ8 ፍሬ አይለፍ። ቡናውን ከቁርስ በኋላ ያድርጉት። ክሊኒክ ሲሄዱ የሚውጡትን ኪኒን ከነማሸጊያው ይያዙ፤ ጫቱንና ሲጋራውንም አይደብቁ፤ ሐኪሙ ሊቆጣዎት ሳይሆን ምን እንደሚያዝልዎ ለማወቅ ነው የሚጠይቅዎ።